ኮንትራት መኪና እንያዝ ወይስ በአውቶቡስ እንሂድ?

 

ረመዳን ሲጋመስ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከተራዊሕ መልስ ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ የአዲስ አበባ ጉዞ ነው። ሦስት አራት ቤተሰብ ይሰባሰብና አንዱ «ዘንድሮ ዒድን ከልጆቻችን ጋር እንዋል» ይላል፤ ሌላው እናቱን ሐኪም ማሳየት ይፈልጋል፤ ሌላዋ ደግሞ መርካቶ ወርዳ ለሱቋም ለልጆቿም የሚሆን ዕቃ መግዛት ታስባለች። በመሄዱ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ኮንትራት መኪና ይዘን እንሂድ ወይስ እንደማንኛውም መንገደኛ ከመናኸሪያ አውቶቡስ እንሳፈር?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ የተነሣ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉ። «ድርሻዬን መክፈል አልችልም» ማለት አሳፍሯቸው «አሞኛል» ብለው የቀሩ እናቶች አሉ። የዒድ ልብስ መግዣውን ለመኪና ከፍለው ለልጆቻቸው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አባወራዎችም አሉ። የወንድማማችነት ወር በተባለው በዚህ ወር ወንድማማችነት በመኪና ኪራይ ሲሰነጠቅ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ነገሩን ከዲኑም ከኪሱም አንጻር አንድ ላይ እንየው።

አስተያየታችንን ከወዲሁ እንናገር። አቅመ ደካማ፣ ሕመምተኛ ወይም ብዙ ሕፃናት ያሉት፣ መኪናውንም የሚሞላ ጀማዓ ለአገር አቋራጩ መንገድ ኮንትራት ቢይዝ መልካም ነው። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን መኪናውን ማሰናበት ይሻለዋል። ጤነኞችና ወጣቶች ብቻ ከሆኑ ወይም መኪናው ግማሹ ባዶ የሚሄድ ከሆነ አውቶቡስ ይበልጣል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን አንድም ሰው በገንዘብ ምክንያት መቅረት የለበትም። ይህን ያልንበትን ምክንያት አንድ በአንድ እንዘርዝር።

በቅድሚያ፣ ጉዞው ራሱ ተገቢ ነው?

ዝምድናን መቀጠል በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው። ልጆቻችን ለሥራና ለትምህርት ከቢቸናና ከሞጣ ወጥተው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ተበትነዋል። እነሱ ዘንድ ሄዶ አብሮ ማፍጠርና ዒድን አብሮ መዋል ቅንጦት አይባልም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች በተቃጠሉ ጊዜ የመጠየቅና የመጠያየቅ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ያኔ የሩቁ ወገን ቀርቦ «አለንላችሁ» ሲል ያበረታው ልብ ብዙ ነው። መሄድም መምጣትም የአንድ አካል ብልቶች መደጋገፍ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር እናሳስብ። የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች የወሩ ዕንቁዎች ናቸው። እነዚህን ሌሊቶች በገበያ ግርግርና በመንገድ ድካም ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው። የሐኪም ቀጠሮ ያለበት ይሂድ። ለገበያ ብቻ የሚሄድ ግን ወይ ቀደም ብሎ ቢሄድ ወይ እዚያው ከከተማችን ነጋዴ ቢገዛ ይሻለዋል። የቢቸናው ሱቅ ባለቤትም እኮ ለዒድ ልጆቹን ማልበስ ይፈልጋል።

የቀደሙት እንዴት ተጓዙ?

«ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ የመኪና ኪራይ አልነበረም» የሚል ሰው አይጠፋም። መኪና አልነበረም፤ ኪራይ፣ መዋጮና በአንድ ግመል መፈራረቅ ግን ነበረ።

የበድር ዘመቻ በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር የሆነ ነው። ከሦስት መቶ የሚበልጡት ሙስሊሞች የነበራቸው ግመል ሰባ ያህል ብቻ ስለነበረ ሦስት ሦስት እየሆኑ በአንድ ግመል ይፈራረቁ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዐሊይና ከአቡ ሉባባ ጋር በአንድ ግመል ተመደቡ። ሁለቱ ባልደረቦች የእርሳቸውን ተራ ተክተው ሊራመዱ ቢለምኗቸውም እምቢ አሉ፤ በጉልበት እንደማያንሷቸው፣ ምንዳውንም እንደ እነርሱ እንደሚሹ ገለጹላቸው። የጀማዓ ጉዞ መሠረቱ ይህ ነው። በጀማዓው ውስጥ ትልቅ የሆነ ሰው ከጋቢናው ወንበር አስቀድሞ ተራውን ያስባል።

በሂጅራ ጊዜም አቡ በክር (ረ.ዐ) ሁለት ግመሎች አዘጋጅተው አንዱን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያቀርቡ፣ ነቢዩ የተቀበሉት ዋጋውን ሊከፍሉ ተስማምተው ነው። ከዚያ ወዳጅነት በላይ ወዳጅነት አልነበረም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ግልጽ ሆነ። ዛሬ «ዘመድ አይደለን፣ ምን ሒሳብ ያስፈልጋል» ብለን የምንጀምረው ጉዞ በመጨረሻ የሚያጣላን ይህን ስለምንረሳ ነው። በዚያው ጉዞ መንገድ እንዲመራቸው የተከራዩት ዐብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ በጊዜው ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን የሚያውቅና አማና የማይበላ ሰው ስለነበረ ተመረጠ። ሹፌር ስንመርጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት ይኸው ነው፤ ሙያና ታማኝነት።

የአሽዐሪዮችን ነገር ደግሞ እናስታውስ። እነዚህ የየመን ሰዎች በዘመቻ ወይም በችግር ጊዜ ስንቃቸው ሲመናመን ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይከፋፈሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነሱ ከእርሳቸው፣ እርሳቸውም ከእነሱ እንደሆኑ በመግለጽ አመስግነዋቸዋል። ኢማም ቡኻሪም የሽርክናን መጽሐፍ የከፈቱት በምግብና በመንገደኞች መዋጮ ርዕስ ነው። ጥቂት ያለው ጥቂቱን፣ ብዙ ያለው ብዙውን አምጥቶ እኩል መብላት በመዋጮ ውስጥ የተፈቀደ፣ እንዲያውም የተወደደ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። የጎጃም ሙስሊም ሲራራ ነጋዴ በዱሮ ዘመን ወደ ባሶ ገበያ የሚወርደው ብቻውን አልነበረም። በቅሎውን አንድ ላይ ጭኖ፣ መሪ መርጦ፣ ሰፈር ላይ አብሮ አድሮ ነበር። የሚኒባሱ ዘመን የቀየረው በቅሎውን ነው፤ የጉዞው አደብ ያው ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ

ብዙ ጊዜ «መኪና ብንይዝ ይረክሳል» ወይም «ይወደዳል» የሚባለው በግምት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የወሰድናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እናንተ የሰማችሁትን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት።

አሥር ሰዎች ለአምስት ቀን ይሄዳሉ እንበል። ሚኒባሱ በቀን 8,000 ብር ቢሆን የአምስት ቀኑ 40,000 ብር ነው። ነዳጅ 10,000፣ የሹፌሩ ምግብና አልጋ 5,000 ቢጨመር 55,000 ብር ይሆናል። በነፍስ ወከፍ 5,500 ብር ማለት ነው። በአውቶቡስ ቢሄዱ ደግሞ መሄጃና መመለሻው በሰው 2,000፣ የከተማው ውስጥ ትራንስፖርት 600 ቢሆን በሰው 2,600፣ በድምሩ 26,000 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 29,000 ብር ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ። መኪናው አድርሶን ይመለሳል፤ በቀጠሮው ቀን ደግሞ መጥቶ ይወስደናል። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ባዶውን የሚመለስበትን ማስከፈሉ አይቀርም። ነዳጁን ጨምሮ አንዱ ጉዞ 15,000 ቢሆን ሁለቱ 30,000፣ የከተማው ትራንስፖርት 6,000 ሲጨመርበት 36,000 ብር ይሆናል፤ በሰው 3,600 ነው። ከሙሉው ኮንትራት 19,000 ብር ይተርፋል። መኪናው ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚበላው ገንዘብ ይህን ያህል ነው። ባለንብረቱ በመልሱ ሌላ ተሳፋሪ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከዚህም ይወርዳል፤ ጠይቁት።

ከዚህ ሒሳብ የምናየው ሌላም ነገር አለ። ያንኑ መኪና አምስት ሰዎች ብቻ ቢይዙት 55,000 ብሩ ለአምስት ይካፈልና በሰው 11,000 ይደርሳል። ስለዚህ ኮንትራት የሚያዋጣው ወንበሩ ሲሞላ ነው። ወንበሩ ይሙላ ማለት ግን ትርፍ ይጫን ማለት አይደለም። «ዘመድ ነን፣ እንጠጋጋ» ተብሎ በአሥራ ሁለት ሰው መኪና አሥራ ስድስት ሰው መጫን በትራፊክም ያስቀጣል፣ በአላህም ዘንድ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ለመኪናው የሚቆሙ ምክንያቶች

ሒሳቡ ሁሉ ወደ አውቶቡስ ያጋደለ ቢመስልም ሚዛኑ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከቢቸና አዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞጣ ደግሞ በደብረ ወርቅና በቢቸና በኩል ወደ 370 ይጠጋል። በመሃል ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጠመዝማዛ የዓባይ በረሃ አለ። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት እናት፣ ቶሎ ቶሎ መውረድ ለሚያስፈልገው ሽማግሌ ይህ መንገድ በጠባብ ወንበር ይከብዳል። የራስ ኮንትራት ሲሆን «እዚህ ጋ አቁምልን» ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የሱብሒ ሰላት ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ሳይነጋ ይንቀሳቀሳል። ዙህርና ዐስርን፣ መግሪብና ዒሻን መንገደኛ አጣምሮ መስገድ ይችላል። ሱብሒን ግን ከምንም ጋር ማጣመር አይቻልም፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት መሰገድ አለበት። ስለዚህ በአውቶቡስ የሚሄድ ጀማዓ ከመሳፈሩ በፊት ሹፌሩን ወይም ረዳቱን በትሕትና ያነጋግር። አንድ ሰው ሲጠይቅ «እናረፍዳለን» ሊባል ይችላል፤ አሥር ሰው አብሮ ሲጠይቅ ግን አምስት ደቂቃ የማይቆም ሹፌር ጥቂት ነው። ውዱእ አድርጎ መሳፈርም ጊዜ ይቆጥባል።

ሦስተኛው መንገዱ ራሱ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሲዘጋ አይተናል። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የመንገዱ ደኅንነት ነው። «ቀብድ ከፍለናል» ብሎ ቤተሰብን ይዞ ወደሚያሰጋ መንገድ መውጣት ተወኩል አይደለም። ግመሏን አስሮ በአላህ መመካት የታዘዘ ሰው መንገዱ ካሰጋው ጉዞውን ያዘገያል።

ከተማ ውስጥ መኪናው ምን ይሠራልናል?

አዲስ አበባ ገብተን መኪናውን ማቆየት የምንፈልገው ብዙ ጊዜ ከተማውን ስለምንፈራው ነው። «እንጠፋለን፣ ታክሲ ሰልፍ አለው» እንላለን። እስቲ የምንሄድባቸውን ቦታዎች እንቁጠራቸው። መርካቶና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ናቸው። መርካቶ ውስጥ በረመዳን መኪና ይዞ መግባትና ማቆሚያ መፈለግ ከእግር ይልቅ ያደክማል። ሹፌሩ በአንድ በኩል ሲዞር እኛ በሌላ በኩል በስልክ ስንፈላለግ የዐስር ወቅት ያልፋል። የዒድ ሰላት የሚሰገደው በአዲስ አበባ ስታዲየምና በዙሪያው ነው፤ በዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ወደ ስታዲየም የሚወስዱ መንገዶች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ። ውድ ዋጋ የከፈልንበት መኪና በዋናው ቀን ቆሞ ይውላል ማለት ነው። የጎዳና ኢፍጣር በሚዘጋጅበት ዕለትም እንዲሁ ነው፤ ሰው የሚደርሰው በእግሩ ነው።

ከተማው የራሱ መጓጓዣ አለው። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች አሉ፤ ሚኒባስ ታክሲ አለ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም አለ። ሽማግሌ ይዞ ሐኪም ቤት ለመሄድ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ለመመለስ ሲሆን ለዚያች ሰዓት ብቻ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ማሠራት ይቻላል። ለአንድ ሰዓት ሥራ አምስት ቀን ሙሉ መኪና ማስቆም በእኛ አስተያየት ኢስራፍ ነው፤ ማባከን ነው። ሕመምተኛው በየቀኑ ሕክምና የሚመላለስ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ለዚያ ቤተሰብ መኪናው ከአቅሙ ሳይወጣ ቢቆይ ተገቢ ነው።

ውሉ ግልጽ ይሁን

ኪራይ በሸሪዓችን ኢጃራ የሚባል ውል ነው። እንዲጸና የምንከራየው ጥቅም፣ ዋጋውና ጊዜው መታወቅ አለባቸው። «ሂድና እንተሳሰባለን» የሚባለው ውል የጠብ ዘር ነው። ስለዚህ እነዚህን ከጅምሩ በጽሑፍ አስፍሩ፦ መኪናው ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ነዳጅ የማን ነው፣ ነዳጅ ሲጠፋ ሰልፉን የሚቆመው ማን ነው፣ የሹፌሩ ምግብና አልጋ በማን ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ሌላ የሚያቀርበው ማን ነው? ፉቀሃዎች በቀደመው ዘመን እንስሳ ተከራይቶ ከተስማማበት ቦታ አልፎ የሄደ ሰው ለሚደርስባት ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን አስተምረዋል። «እግረ መንገዳችንን እዚህም እንግባ» እያልን ሹፌሩን ያልተስማማንበት ቦታ ስንወስድ ይህን እናስብ።

ሹፌር ሳይኖረው መኪናውን ብቻ ተከራይቶ ራሱ የሚነዳ ሰው ደግሞ መኪናው በእጁ አማና ነው። ያለ ጥፋቱና ያለ ቸልተኝነቱ ለደረሰ ጉዳት በሸሪዓ ዕዳ የለበትም፤ አጥፍቶ ወይም ቸል ብሎ ከሆነ ግን ይከፍላል። ያለ መንጃ ፈቃድ ለወንድም ልጅ «ትንሽ ንዳ» ብሎ መስጠት ጥፋት ነው፤ ከተጠያቂነትም አያድንም።

ቀብድን በሚመለከት አራቱ መዝሃቦች አንድ አይደሉም። ገዢው ወይም ተከራዩ ቢተው ቀብዱ ይቅር የሚለውን ውል የሐንበሊ መዝሃብ ሲፈቅድ ብዙኃኑ አልፈቀዱም። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲተው እጥፉን ይመልሳል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። «መንገድ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ ክርክሩም አይነሣም፣ የማንም ሐቅ አይበላም።

መኪናው ለሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ ያለው፣ ዓመታዊ ምርመራውን ያለፈና ቦሎ የለጠፈ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ሰነዱን ማየት ባለንብረቱን መጠርጠር አይደለም። ጎማውንና መለዋወጫ ጎማውን በዓይናችሁ እዩ። የዓባይን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ሳይታይ «ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው» ተብሎ አይሳፈሩበትም።

ሹፌሩም ሰው ነው

ይህን ክፍል በተለይ አጥብቀን እንናገራለን። በረመዳን አደገኛዋ ሰዓት ከመግሪብ በፊት ያለችው ናት። ሹፌሩ ለሰሁር ሌሊት ተነሥቷል፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ አልቀመሰም፤ ከኋላው አሥር ሰው «ለኢፍጣር እንድረስ» እያለ ይገፋዋል። በዚህ ላይ የበረሃው ሙቀት አለ። ለአንድ ቴምር ብሎ አሥር ነፍስ አደጋ ላይ መጣል የለበትም። ቴምርና ውኃ በመኪናው ውስጥ ይኑር፤ መግሪብ በደረሰበት ቦታ ቆሞ ይፈጠራል። ከተቻለ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከሚደረስበት ሰዓት አስቀድሞ መነሣት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛና ለመንገደኛ ማፍጠርን ፈቅዶ በሌላ ቀን እንዲያካክሱ አዟል። የመካ ድል በሆነበት የረመዳን ጉዞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመው ወጥተው ከዲድ ሲደርሱ አፍጥረዋል። በሌላ ጉዞ ደግሞ ጿሚዎቹ በሙቀት ሲዝሉ ያፈጠሩት ድንኳን ተክለው እንስሳቱን አጠጡ፤ ነቢዩም የዕለቱን ምንዳ ያፈጠሩት እንደወሰዱት ተናገሩ። ስለዚህ ሥራው መንገድ የሆነ ሹፌር ጾሙ ካደከመው በሩኽሳው ይጠቀም፤ ተሳፋሪውም በክፉ ዓይን አይየው። ሰሓቦቹ በጉዞ ሲጾሙና ሲያፈጥሩ አንዱ ሌላውን አልነቀፈም። ሊያፈጥር ያሰበ መንገደኛ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ከከተማው መውጣት እንዳለበት ይወቅ። ጎህ ከቀደደ በኋላ የወጣ የዚያን ቀን ጾሙን ይይዛል፤ አደጋ የሚያደርስ ድካም ከመጣ ግን ነፍስን ማዳን ይቀድማል።

አዲስ አበባ ገብቶ ለመቀመጥ ያሰበም ሁኔታውን ያስላ። በሻፊዒና በማሊኪ መዝሃብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው እንደ ነዋሪ ነው፤ ሰላቱን ሞልቶ ይሰግዳል፣ ይጾማል። በሐነፊ መዝሃብ ገደቡ አሥራ አምስት ቀን ነው። እያንዳንዱ የተማረበትን መዝሃብ ይከተል፤ በዚህ ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ ክርክር አይነሣ።

ሹፌሩ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጣጠሙ አይተናል። እሱም ጿሚ ነውና እኛ ስናፈጥር ሥጋ ያለበትን ምግብ ብቻ አቅርበን ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሽሮውንና አትክልቱን ለይተን እናዘጋጅለት። ክፍያውን ደግሞ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሳንል ላቡ ሳይደርቅ እንስጠው፤ የታዘዝነውም ይህንኑ ነው። መልካም አያያዝ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ድርሻውን እንዴት እንካፈል?

ከሞጣና ከቢቸና የሚሄዱ ቤተሰቦች አንድ መኪና ሲይዙ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቢቸና ላይ የሚሳፈር ሰው ከሞጣ ከተነሣው እኩል ይከፍላል? በመንገዱ ርዝመት ካየነው 370 እና 265 በግምት ሰባት ለአምስት ነው። የሞጣው ሰባት ሲያዋጣ የቢቸናው አምስት ቢያዋጣ ፍትሕ ነው። የቢቸናው «እኩል ልክፈል» ካለ ደግሞ በጎነት ነው፤ ማንም ግን በጎነትን አያስገድድም።

አቅም የሌለው ሰው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። መኪና እንያዝ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አቅም ካለው ሰው ነው፤ ዝም ብሎ የሚሰማው ደግሞ የሌለው ነው። ስለዚህ ውሳኔው በስብሰባ ላይ እጅ በማውጣት አይሁን። ሦስት ሆነው የሚጓዙ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። አሚሩ እያንዳንዱን ቤተሰብ ለብቻው ያነጋግር፤ ማን ምን እንደሚችል በጆሮው ይስማ፤ የጎደለውን ካለው ሰው በዝምታ ያሟላ። ማን እንደጨመረና ለማን እንደተጨመረ ከአሚሩ በቀር ማንም አይወቅ። አሽዐሪዮቹ በአንድ ጨርቅ ላይ ያዋጡትን ሲካፈሉ ማን ምን እንዳመጣ አልተቆጠረም።

ይህም ካልተቻለ፣ ማለት አንዲት እናት እንኳ በመኪናው ዋጋ ምክንያት የምትቀር ከሆነ፣ ጀማዓው ሁሉ በአውቶቡስ ይሂድ። ዘጠኝ ሰው ተመችቶት አንድ ሰው ከሚቀር አሥሩም ተጨናንቀው ቢደርሱ ይሻላል። ከዚህ በተረፈ የፊጥር ዘካ በእያንዳንዱ አቅም ባለው ሰው ላይ ግዴታ እንደሆነ አይረሳ። ለመኪና የሚሆን ብር ያለው፣ የቤተሰቡን ዘካ ከዒድ ሰላት በፊት ለሚገባው ሳያደርስ «ገንዘብ አለቀብኝ» ሊል አይችልም።

ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። በቅድሚያ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ አሚር ምረጡ፤ አሚሩም የሰዉን አቅም ይወቅ። ከዚያ ሽማግሌና ሕመምተኛ ካለ፣ ወንበሩም ከሞላ፣ ለመንገዱ ብቻ ሕጋዊ መኪና በጽሑፍ ውል ያዙ። ከሌለ በአውቶቡስ ሂዱ፤ በከተማው ውስጥ እንደ ከተማው ሰው ተጓዙ። የተረፈውን ገንዘብ ደግሞ እዚያው ሳትጨርሱ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ይዛችሁ ተመለሱ። ጎረቤቱ ባዶ እጁን ዒድን የሚውል ሰው አለና ለእሱ አንድ ነገር ይኑረው።

አላህ መንገዳችንን ሰላም፣ ጾማችንን ተቀባይነት ያለው፣ ዒዳችንን የመተሳሰብ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።